የመረጥኩት ማጫወቻ

ጓደኛዬ አልዋሸኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለእሱ አዝኜ አይደለም፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው አለመዋሸቱ ስለሆነ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ገደማ አምቦ ውስጥ አብረን ቪዲዮ ቤት ነበረን። እኔ እቀርፃለሁ፣ እሱ ያቀናብራል። በእኛ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ ሲያልቅ የሁለቱም ወገን ዘመድ ተሰብስቦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየዋል፤ ቀራጩም ተጠርቶ አብሮ ይቀመጣል። "አክስቴን ለምን ቆረጥካት?" የሚለው ወቀሳ የሚወርድበት እዚያ ነው። ትልልቅ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን በየቤቱ መግባት ሲጀምር ደግሞ ተራው ዲቪዲ አሳፈረን። ጊንጪ ላይ አንዲት እናት "ልጄ ጉም ውስጥ ነው እንዴ የተዳረችው?" ብላ አፋጠጠችን።

ጓደኛዬ መርካቶ ሄዶ ሁለት ያገለገሉ ባለ ከፍተኛ ጥራት ማጫወቻዎች ይዞ መጣ። አንዱ ብሉ ሬይ፣ ሌላው ኤች ዲ ዲቪዲ ይባላል። ዲስኮቻቸው ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው፤ የአንዱን ግን ሌላው አያነብም። ከእያንዳንዱ ጋር የባሕር ዓሣ፣ የበረዶ ተራራ የሚያሳይ አንድ አንድ ዲስክ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ፈትተን ስናወዳድራቸው ከረምን።

ብሉ ሬዩ ዲስክ ከጎረሰ በኋላ ዝም ይላል፤ "እያሰበ ነው" እያልን እንስቅበታለን። ከዓረብ አገር የተመለሰች ጎረቤት ያዋሰችንን ዲስክ ስንሰጠው ደግሞ የዚህ አገር አይደለም ብሎ መለሰልን። ኤች ዲው ከባድ ነው፣ ቶሎ ይነሳል፣ አገር አይጠይቅም። የዓሣው ቅርፊት አንድ በአንድ ይቆጠርበታል። "እየው፣ ይሄን እየው!" እያለ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚገፋኝ ጓደኛዬ ነበር።

ጥቂት ወራት ቆይቶ እሱ ሚስት አገባና የራሱን ቪዲዮ ቤት ለመክፈት ፈለገ። አልተጣላንም፤ እንዲያውም ሚዜው እኔ ነበርኩ። ዕቃውን ለመካፈል አንድ የሰፈር ሽማግሌ ጠራን። ሽማግሌው እዚያው ቆመው ፈረዱ፦ "አንዱ ለሁለት ይከፍላል፣ ሌላው ቀድሞ ይመርጣል። ቶሌ?" "ቶሌ" አልን፤ ተስማማን። አበላልጦ የሚከፍል የሚጎዳው ራሱን ስለሆነ ማንም አያታልልም ተብሎ የሚታመንበት መንገድ ነው።

እሱ ከፈለ። በየክምሩ አንድ ካሜራ፣ አንድ መብራት፣ አንድ ማጫወቻ አደረገ። "ኦቦሌሳ፣ ቅድሚያው ያንተ ነው" አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። ኤች ዲው ያለበትን አነሳሁ። እሱም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ዓይን አለህ" አለኝ።

ብቻዬን የያዝኩት የመጀመሪያ ሰርግ እጃጂ ከተማ ነበር። ለሙሽራዋ አባት ምራቅዎን እንኳ ሳይውጡ የሚያዩት ጥራት አመጣልዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። በዚያ ሥራ ስሜ ይተከላል ወይም ይነቀላል። ቀርጬ ጨረስኩና ባዶ ዲስክ ልገዛ መርካቶ ወረድኩ። ጓደኛዬ ማጫወቻዎቹን የገዛበት ነጋዴ ዘንድ ሄጄ የማጫወቻዬን ዓይነት ስነግረው ሳቀ።

"የዚህ ባዶ ዲስክ? ይሄ እኮ ከቀረ ዓመታት ሆነው! ሁለቱ ተፎካክረው ብሉ ሬይ አሸነፈ፤ የዚህን ሠሪዎቹ ራሳቸው ትተውታል። ለጓደኛህ ነግሬው የለም እንዴ? ብሉ ሬዩን ሲገዛኝ ይሄን በምርቃት ነው የጨመርኩለት።"

በምርቃት። ሳምንቱን ሙሉ ያደነቅነው፣ ያቀፍኩት፣ ከሁሉ አስበልጬ የመረጥኩት ዕቃ ገዢ አጥቶ በላይ የተጣለ ነበር። እዚያው ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ለእጃጂ ቃል የገባሁት ቀን ደርሶ ነበር፤ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ወደ ጓደኛዬ ሄድኩ። ፊቱ አልተለወጠም። ዲስኩን በብሉ ሬይ አዘጋጀልኝ፣ ማጫወቻውን ራሱ ተሸክሞ እጃጂ ድረስ አብሮኝ መጣ። ዘመድ ሁሉ አፉን ከፍቶ አየ። የሙሽራዋ አባት ተነስተው እሱን አቀፉት፤ የታናሽየዋን ሰርግም እዚያው ለእሱ ሰጡት። እኔ ጥግ ላይ ሻንጣ እንደሚጠብቅ ሰው ቀረሁ።

ስንመለስ መንገድ ላይ "ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"አንተ ነህ የመረጥከው" አለኝ።

እውነቱን ነው። ይቆጠራል ያለኝ ቅርፊት ይቆጠራል፤ ቶሎ ይነሳል ያለኝም ይነሳል። አንዲት ነገር ብቻ አልነገረኝም። ዋሽቶኝ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰርግ በፍላሽ ሆነ፤ አሁን ደግሞ በስልክ። ባለፈው ዓመት ጓደኛዬ ገበያ አግኝቶኝ "ያንተም የኔም ቀሩ፤ እኩል ሆንን" ብሎ ሳቀ። አብሬው አልሳቅሁም። ማጫወቻው ግን ቤቴ አለ፤ ያችን አንዷን ባለ ዓሣ ዲስክ ዛሬም አጥርቶ ያሳያል።

ዘንድሮ አባታችን ሲያርፉ ሸነን ያለውን መሬት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተካፈልን። እሱ በገመድ ለክቶ ለሁለት ከፈለውና "ጋሼ፣ አንተ ምረጥ" አለኝ። አንዱን ወገን አየሁ፣ ሌላውን አየሁ፤ ውሃው የቱ ጋ እንደሚተኛ፣ ምን እንደደበቀኝ በዓይኔ ፈለግሁ። ከዚያ "አይሆንም፣ አንተ ምረጥ" አልኩት።

ወንድሜ ገመዱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

"ጋሼ፣ ምን አድርጌህ ነው?" አለኝ።