ጫማዎን ሳይዳብሱ

ስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ፣ ተረከዙ ክፍት የሆነ ነጭ ጫማ አድርጋ ላይ ታች የምትል ነርስ አለች። ስኳር በሽተኛ የሚያስታምሙ ነርሶችን ጭንቀት ታጠናለች አሉ። የራሷን ምሳ ቆማ እየጎረሰች ባልደረቦቿን "ዛሬ አረፍ ብላችኋል?" ትላቸዋለች። እኛን በሽተኞቹን ደግሞ በጫማ ነገር መቆሚያ መቀመጫ ታሳጣናለች።

"አባባ፣ ስኳር እግር ያደነዝዛል። የጫማዎን ውስጥ በእጅዎ ሳይዳብሱ እንዳያጠልቁ!"

ምራቴ እንኳ እንዲህ አትጨቀጭቀኝም።

ዛሬ እግሬን ልታይ ስታጎነብስ ወለሉን አየሁት፤ ከበሩ ጀምሮ የደም ጠብታ ተከትሏት መጥቷል።

"ልጄ፣ ደም!"

ደንግጣ የኔን እግር አገላበጠች። "የእርስዎ ደህና ነው።"

"ያንቺን ነው የምልሽ!"

ጫማዋን አወለቀች። የመድኃኒት ብልቃጥ ስባሪ ተረከዟ ውስጥ ተሰክቷል። እሷ ግን ፊቷን እንኳ ሳታጨማድድ ነቅላ አየችው።

"መቼ ገባ?" አለችኝ፣ እኔ የማውቅ ይመስል።

"አንቺም ስኳር አለብሽ?"

ዞር ብላ በር ላይ የቆሙትን ነርሶች አየች።

"ለነሱ እንዳይነግሩብኝ አባባ፤ የራሳቸው ጭንቀት ይበቃቸዋል።"