ከነላስቲኩ የቆየው ስልክ

ባለቤቴ ላስቲክ የሚልጥ ሰው አይወድም። አሶሳ በተመደብን በሁለተኛው ዓመት የገዛነው ቴሌቪዥን ጠርዙ ላይ ያለው ላስቲክ ዛሬም አልተነሳም። ሪሞቱ በፌስታል ተጠቅልሎ በጎማ ታስሯል፤ ቁጥሮቹን የምንጫነው በግምት ነው። መምህር ስለሆነ ደብተሩን ያልሸፈነ ተማሪ ክፍል አያስገባም። እኔም ደብተር ብሆን ኖሮ ሸፍኖኝ ነበር።

ልጃችን በተወለደች ሰሞን ስማርት ስልክ ገዛ። የገዛው ለእናቱ ሲል ነው። እናቱ ከወሎ ሄደው ፓዌ የሰፈሩ ናቸው። መንገዱ አላስተማምን ብሎ ልጃቸውን ካዩ አራት ዓመት አልፏቸዋል፤ የልጅ ልጃቸውን ጭራሽ አላዩም። ዓይናቸውም እየደከመ ነበር። “ሳይጨልምብኝ ፊቷን ልይ” ይሉን ነበር በደወልን ቁጥር። እዚያ ያለችው ጎረቤታቸው የቪዲዮ ስልክ ስለነበራት፣ የቀረው የእኛ መግዛት ብቻ ነበር።

ስክሪን ፕሮቴክተር የሚሉትን መከላከያ መስታወት ልናስለጥፍ ገበያ ሄድን። ባለሱቁ የበርታ ሰው ነው፤ መምህሩን ሁሉ ኡስታዝ ይላል። ጨርቁን አዘጋጅቶ ከፋብሪካ የመጣውን ስስ ላስቲክ ሊልጥ ሲል ባለቤቴ እጁን ያዘው።

“እሱን ተወው፤ በላዩ ላይ ለጥፍልኝ።”

“ወላሂ ኡስታዝ፣ ይሄ ላስቲክ ለመንገድ ነው። ስልክ አሁን ደርሷል። ይውጣ።”

“ሁለት መከላከያ ከአንድ ይሻላል።”

ባለሱቁ ወደ እኔ ዞሮ “እንግዲህ አንቺ ንገሪው” አለኝ። እኔን የሚሰማ ቢሆን ሪሞታችን ይሄኔ እርቃኑን ነበር አልኩት። ስቆ ለጠፈለት።

በጋው ሲገፋ ከመስታወቱ ሥር ቀይ አቧራ ገባ፤ ሙቀቱ ላስቲኩን አሳበጠው። አንድ ቁጥር ለመንካት ማኅተም እንደሚመታ ሰው መጫን ያስፈልግ ነበር። እኔ ስስቅበት እሱ “ጠንካራ ስልክ ነው” ይላል።

ኔትወርኩ ቪዲዮ መቻል ሲጀምር፣ እናቱ ጋ የደወልነው በዚህ ስልክ ነው።

“ምነው ጭስ ውስጥ ናችሁ?” አሉ። “ኧረ ልጅቷን ከጭሱ አውጧት!”

“ኔትወርክ ነው እማዬ፣ አብሽሪ” አላቸው።

በሚቀጥለው እሁድም ኔትወርክ ነው ተባለ። በሦስተኛው እሁድ ልጅቷን አስጠጋናት፣ አራቅናት፣ በር ላይ ወጣን። የእናቱ ድምፅ ወረደ።

“አትድከሙ ልጄ። ዓይኔ ነው። መጨለሙ ነው፣ አውቄዋለሁ።” ስልኩ ተዘጋ።

ባለቤቴ ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ። እኔ አፈርኩ፤ ሦስት እሁድ ሙሉ እየሳቅኩ ነበርና። ስልኩን ተቀብዬው አገላበጥኩት። ከላይ፣ ትንሿ ካሜራ ያለችበት ቦታ ላይ፣ ላስቲኩ አብጦ አቧራ ይዟል።

“የእናትህ ዓይን አይደለም” አልኩት። “የአንተ ላስቲክ ነው።”

አልተከራከረኝም። ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ቁስል እንደሚፈታ ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ መስታወቱንም ላስቲኩንም አንድ ላይ ላጠው። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገውና መልሶ ደወለ። ጎረቤትየዋ እንደገና ጠራቻቸው።

“ወየው!” አሉ እናቱ። “ወየው፣ አየኋት! አፍንጫዋ የኔ ነው! ዓይኔ ደህና ነው ለካ!” ልጅቷን በስሟም በቅጽል ስሟም ጠሯት፤ እየሳቁ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ “እስቲ አንተ ጠጋ በል” አሉት። ጠጋ አለ። “ጸጉርህ ላይ ነጩ ምንድን ነው? ጠመኔ ነው?”

በእጁ ዳሰሰው። “ሽበት ነው እማዬ።”

“ሳላይህ ሸበትክ?” አሉት።

እኔም አብሬው እየኖርኩ፣ ሽበቱን ያየሁት ያን ቀን ነው።