በባዕድ ከተማ በአማርኛ የመለሱልኝ እናት

ይህ የገጠመኝ ሚሌኒየሙን ባከበርን በሁለተኛው ዓመት፣ ከባለቤቴ ጋር ህንድ አገር ስንኖር ነው። ስለዚያ አገር ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያንን ቀን ግን ማንም ሳያነሳብኝ ራሴ አነሳዋለሁ።

ባለቤቴ ገመቹ አምቦ ላይ አስተማሪ ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ ቪሻካፓትናም ወደምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሲላክ፣ እኔም ከጤና ጣቢያ ሥራዬ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ተከተልኩት። ነርስ ነኝ። ጌዶ ተወልጄ አምቦ ተቀጥሬ እስከዚያ ድረስ እጄ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እዚያ ግን እሱ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይመጣል፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ። የተወለወለውን ወለል ደግሜ እወለውላለሁ። በረንዳ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። የጎረቤቶቼን ቋንቋ አልሰማም። ሙቀቱ ደግሞ አይጣል ነው፤ ከጌዶ ወደ ባኮ ቆላ በወረድኩ ቁጥር “ይሞቃል” እያልኩ ሳማርር የኖርኩት ሴት ባኮን ናፈቅኩ።

አንድ ጠዋት ተጣላን።

“አገሬ ልግባ” አልኩት።

“ትንሽ ታገሺ፤ ሁለት ዓመት እኮ ነው የቀረን።”

“አንተ ትምህርት አለህ። እኔ ምን አለኝ?”

ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

እኔም የመመለሻ ትኬቴን ቀን ለማስቀየር ፓስፖርቴን ይዤ ወደ አየር መንገዱ ቢሮ ወጣሁ። በንዴት ስልኬን አልጋው ላይ ትቼዋለሁ። ከዚያ በፊት ያለ ገመቹ አውቶቡስ ተሳፍሬ አላውቅም። የአውቶቡሶቹ ጽሑፍ በአገሬው ቋንቋ፣ በቴሉጉ ፊደል ስለሆነ ሰው ሲጋፋበት ያየሁት ውስጥ ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሕንፃው እየሳሳ ሄደና የሩዝ ማሳ መጣ። ዝናብ ጀመረ። ትኬት ቆራጩን በእንግሊዝኛ ብጠይቀው ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዘ፤ እሺ ይሁን እምቢ አልገባኝም። መውረድም ፈራሁ፣ መቀመጥም ፈራሁ። ሳላስበው ጮክ ብዬ “ጌታ ሆይ፣ ወዴት ነው የሚወስደኝ?” አልኩ።

“የት ነው የምትሄደው?” የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። በአማርኛ!

ዞር ስል ነጭ ሳሪ የለበሱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ህንዳዊት እናት ናቸው። እንደ ወንድ ሲጠሩኝ እንኳ አልሳቅኩም። እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ።

“ኢትዮጵያ ከየት?” አሉኝ።

“ከአምቦ።”

“እኔም አምቦ ነበርኩ” አሉ።

ስማቸው አናማ ነው። በጃንሆይ ዘመን እሳቸው ሒሳብ፣ ባላቸው ፊዚክስ እያስተማሩ አምቦ ላይ ስድስት ዓመት ኖረዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸው ዘንድ ነው ያሉት። መጨረሻው ፌርማታ ላይ አብረን ወርደን ከዝናቡ ሸሽተን አንዲት ሻይ ቤት ገባን። አማርኛ ሲጠፋባቸው በእንግሊዝኛ እየሞሉ አወጉኝ።

እኔ እንግዲህ አገሬን እንዲያመሰግኑልኝ ጠበቅኩ። “አምቦ ጥሩ ነበር አይደል?” አልኳቸው።

“ለአንተ አገርህ ነው። እኔ በየቀኑ አለቅስ ነበር። ብርዱ! ልጆቹ ‘ህንድ፣ ህንድ’ እያሉ ይከተሉኛል። ባሌ እንዳይሰማ ፍልውሃ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን እከፍትና አለቅሳለሁ።”

ደነገጥኩ። አምቦ ላይ ሰው ባይተዋር ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

“ታዲያ እንዴት ቻሉት?”

“አልቻልኩም” አሉ፤ “ጊዜው አለፈ እንጂ።”

ቻዪው አላሉኝም፤ ሂጂም አላሉኝም። ሻይዬን እስክጨርስ ጠብቀው በሌላ አውቶቡስ እስከ ሰፈሬ ይዘውኝ መጡ።

ገመቹ ፌርማታው ላይ ቆሟል። ዣንጥላውን እንዳጠፈ በእጁ ይዞ፣ እሱ ግን በዝናብ በስብሷል። ሊቆጣኝ አፉን ሲከፍት እሳቸው ቀደሙት።

“አካም ጅርታ?”

በኦሮምኛ ሰላም ሲሉት አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

“ሚስትህ ጠፋ” አሉት በዚያው አማርኛቸው። “ብቻውን አትተወው።”

ቤት ገብተን ፎጣ አቀበለኝ። “ፓስፖርትሽን ሳጣው ገባኝ። የትኬቱን ቀን አስቀየርሽ?” አለኝ።

“አልደረስኩም።”

“ነገ እኔ እወስድሻለሁ” አለ።

በማግስቱ “እስኪ ይቆይ” አልኩት። መሄዴ ቆየ፤ በዚያው ቀረ። ዕረፍት አገኘሁ ማለቴ አይደለም። እስከምንመለስ ድረስ ልቤ አልተቀመጠም። ሲብስብኝ ግን አናማ ዘንድ እሄዳለሁ፤ እሁድ እሁድ ገመቹም አብሮኝ ይመጣል።

አምቦ ከገባን በኋላ እሳቸውን የሚያውቅ ሰው አፈላለግኩ። ጡረታ የወጡ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ኦቦ ዳባ፣ ተገኙ። የአናማን ስም ስጠራ ፊታቸው በራ።

“እሳቸውማ! እንደሳቸው ያለ ሳቂታ መምህር አልነበረንም። አምቦን እንዴት ይወዷት ነበር መሰለሽ!”

አላረምኳቸውም።

አሁን ለማስተማር የመጡ ህንዳውያን ባልና ሚስት ሰፈራችን ውስጥ ተከራይተዋል። ሚስትየዋ መንገድ ላይ ባገኘኋት ቁጥር ትስቅልኛለች። ሰዉ ሁሉ “አገሩን ለምዳዋለች” ይላል። እኔ በሳቋ አላምንም። ባለፈው እሁድ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ።