ሕልም የበተነው ስብሰባ

መንግሥታችን ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን ባገደበት ዘመን ዱባይ፣ አል ባርሻ ሰፈር በአንድ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። እገዳው ሲወጣ ቀድመን የገባን ሰዎች ያመለጥን መስሎን ነበር። በኋላ ግን ለዕረፍት አገር የገባች ሴት ከቦሌ ተመልሳ አትወጣም መባል ተጀመረ።

የማዳም ልጅ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አንድ ሳምንት ስለ ጥንት ሮማውያን መንግሥትና ሃይማኖት በክፍሏ ፊት እንድትናገር ታዘዘች። ማዳም "አድምጫት" ስላለችኝ ልብስ እየተኮስኩ አዳመጥኳት።

"ሮም ውስጥ ሹሙ ካህንም ይሆናል" አለች። "ጦርነት ሊሄዱ ሲሉ ለተቀደሱ ዶሮዎች እህል ይሰጣሉ። ዶሮዎቹ ከበሉ አማልክቱ ፈቅደዋል ማለት ነው።"

"ካልበሉስ?"

"ይቀራል። ግን ጠባቂው አስቀድሞ ያስርባቸዋል።"

ካውያውን አስቀምጬ ሳቅሁ።

"ሕዝቡ ድምፅ ሊሰጥ ሲልም አንዱ ሹም 'መብረቅ አየሁ' ካለ ስብሰባው ይበተናል።"

"ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ?"

"ማን ያጣራል?"

ሳቄ ቆመ። እንዲህ ያለ ሹም እኛም ነበረን።

አርብ አርብ የማርፈው ዲስከቨሪ ጋርደንስ ሰፈር፣ ስድስት ሴቶች በአንድ ክፍል አልጋ አልጋ በተከራየንበት ቢድ ስፔስ ነበር። የቤቱ ውል በአንዲት የወሎ ሴት ስም ስለሆነ "እትዬ" እያልን እንታዘዛቸዋለን። የወጥ ቤት ተራ ያወጣሉ፣ ጠብ ይዳኛሉ፣ ዱዓ ያደርጉልናል። በዚያ ላይ ሕልም ያያሉ።

የሁላችን ታናሽ የሆነችው የደሴ ልጅ እናቷ ታመሙባትና እገዳውን እየፈራችም አገር ልትገባ ቆርጣ "ሁለት ወር ብቻ አልጋዬን ጠብቁልኝ" ብላ ለመነችን። እትዬ ግን አልጋውን ዓጅማን ለምትኖር ዘመዳቸው አስበውታል። ድምፅ እንስጥ አልን።

"ዛሬ አይሆንም" አሉ እትዬ። "ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ።"

ጥርስ ሲወልቅ አየሁ ካለ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? ኸላስ፣ ተበተንን። እኔ ራሴ ጥርሴን በምላሴ ስነካካ ዋልኩ። በሚቀጥለው አርብ በሕልማቸው ጥቁር በሬ አባረራቸው። በሦስተኛው ጎርፍ ወሰዳቸው።

የማዳምን ልጅ ጠየቅኋት፤ "ሌላው ሹምስ ምልክት ማየት ይችላል?"

"ይችላል እንጂ።"

በአራተኛው አርብ እትዬ አፋቸውን ሳይከፍቱ "እኔም ሕልም አየሁ" አልኩ። "በዚያች አልጋ ላይ እንግዳ ሲተኛ ኤሲያችን ተበላሸ። በሐምሌ።"

የዱባይን የሐምሌ ቃጠሎ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቀልድም።

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሕልም የምታዪው?" አሉኝ እትዬ።

"ካለፈው ሳምንት፣ ዋላሂ!" አልኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አምስት ለአንድ አሸነፍን። የደሴዋ ልጅም አገሯ ገባች። እናቷ ዳኑ፣ እሷን ግን ወደ ዱባይ ልትመለስ ስትል ከቦሌ አስቀሯት፤ አልጋዋ ባዶውን ቀረ።

እኔ ግን ተሾምኩ። "እገዳው መቼ ይነሳል? ምን አየሽ?" ይሉኛል። መጀመሪያ "ምንም" አልኩ። ቀጥዬ ነጭ ርግብ አየሁ። ከወጥ ቤት ተራ ነፃ ሲያወጡኝ ደግሞ ከረመዳን በኋላ ይነሳል ብዬ ቁርጡን ነገርኳቸው። ሥልጣን ደስ ይላል፤ ሳህን አያሳጥብም።

አንድ አርብ ከመካከላችን አንዷ፣ ልጇን አራት ዓመት ያላየች ሴት፣ እየሳቀች መጣች። "ረመዳን ሲወጣ እገዳው ይነሳል ብለሽ የለ? ትኬት ልቆርጥ ነው። ልጄን አይቼ እመለሳለሁ።"

እጇን ያዝኳት። "አትቁረጪ። ዋሽቼ ነው፣ ምንም አላየሁም።"

"ክፉ ነገር አይተሽ ነው የምትደብቂኝ?"

ብምል ብገዘት አላመነችኝም። ይህን ጊዜ እትዬ ከአልጋቸው ተነሱ።

"እውነቷን ነው" አሉ። "እኔም ጥርሴን አላየሁም፣ በሬውንም አላየሁም። ጎርፉን ብቻ አይቻለሁ፤ እሱም ሻወሩ ሳይዘጋ አድሮ ነው።"

ማንም አልሳቀም። ሴትየዋ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ትኬቱንም አልቆረጠችም። ረመዳን ወጣ፣ እገዳው ግን አልተነሳም።

የደሴዋ ልጅ ደውላ "አልጋውን ለሌላ ስጡት" ስትለን እጅ አውጥተን ወሰንን። የእትዬ ዘመድ ከዓጅማን ሻንጣዋን ይዛ መጣች። በመጀመሪያው አርብ ወጥ ቤቱን ጠርጋ፣ ሩዝ ሠርታ ጠበቀችን። ከሁላችንም የተሻለች ሰው ነበረች።