ብድግ ያልንለት መንገደኛ

ባለፈው ጥር ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በአውሮፕላን ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ገና ከመሬት ሳንነሳ እንቅልፍ ወሰደው። ክርኑን የጋራችን የሆነው የክንድ መደገፊያ ላይ አንሰራፍቶ ተኛ። አልነካሁትም፤ በእኔ ዕድሜ ሰው የሚጣላበትን ነገር መምረጥ አለበት። ከኋላችን ያሉት ሁለት ጎልማሶች ግን አንዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ ሌላው ጉልበቴን ነካኸኝ ብሎ፣ ዝዋይን እስክናልፍ ድረስ ሲነታረኩ ቆዩ። ጎማው መሬት እንደነካ ደግሞ እንደ ልማዳችን ሁሉም ብድግ አለ። አስተናጋጇ ገና አልቆምንም፣ እባካችሁ ተቀመጡ ብላ ለመነች። ማን ሊሰማት!

ወጣቱ ነቃና ቆመው የሚጋፉትን አየ። "ሰው ምን ያስቸኩለዋል ግን፣ እማማ? በሩን የሚዘጉበት ይመስል!" አለኝ እየሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን አውሮፕላን አርፎ ሰው ብድግ ሲል ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። አንድ ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ አውሮፕላን ሙሉ ሰው ብድግ ብሎ አንድም ሰው ወደ በሩ ሳይንቀሳቀስ የቀረበትን ቀን አይቻለሁ።

ያኔ ከተማችንን የምንጠራት አዋሳ እያልን ነበር። እኔ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ እትዬ ዘነበች ገበያው ውስጥ ጨው፣ በርበሬና ሻማ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። ዓይኖቿን ሞራ ስለጋረዳቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ብዙም አታይም። ደንበኞቿን የምታውቃቸው በእግር ኮቴያቸው ነበር። ሰው ገና ከደጅ ሳለ "ግቢ አስቴር፣ ተረከዝሽ ዛሬም አልተጠገነም" ትላለች። አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ አታውቅም፤ በዚህም ትኮራለች፣ አንዳንዴም ከመጠን በላይ።

በዚያ ዓመት ከውጭ አገር የመጣ የዓይን ሐኪም አዲስ አበባ ለጥቂት ሳምንት ሞራ ይገፍፋል ተባለና አጎቴ ተሯሩጦ ቀጠሮ ያዘላት። ቀጠሮው ሲደርስ ግን የክረምቱ ጎርፍ መንገዱ ላይ ያለውን ድልድይ ይዞት ሄደ። መናኸሪያ ብንመላለስ የሚንቀሳቀስ አውቶቡስ የለም። በመጨረሻ አጎቴ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦልን መጣ። ያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት ደግሞ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ ዛሬ ነገ እያለ አመላልሶን፣ በበረራው ዋዜማ ማኅተሙን መታልን። ያቺ ወረቀት ከሌለች አዲስ አበባ የሚያሳድረን ዘመድ እንኳ አናገኝም፤ ፀጉረ ልውጥ ያሳደረ ሰው ራሱ ይጠየቃል። ወረቀቷን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ነበር የተጓዝኩት።

አውሮፕላኑ ያረፈበት ሜዳ ሣር ነበር። መጀመሪያ ከብቶቹ ከሜዳው ተባረሩ፣ ከዚያ ዳኮታ የሚባለው አውሮፕላን ከሐይቁ በኩል ዞሮ መጣና እየዘለለ አረፈ። ዳኮታ መሬት ላይ ሲቆም ጅራቱ ዝቅ፣ አፍንጫው ቀና ይላል። የሚገባበት በር ከኋላ ስለሆነ ወደ ወንበር መሄድ ዳገት መውጣት ነው። እናቴ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ትከሻዬን ይዛ፣ ግራና ቀኙን "እንዴት አደራችሁ፣ እንዴት አደራችሁ" እያለች ዳገቱን ወጣች። ቀድመው የገቡትም እንደ አውቶቡስ ሰው ተቀብለው መለሱላት። ከፊት ተቀመጥን፤ እኔ መስኮቱ ጋ፣ እሷ መተላለፊያው ጋ። በእንሰት ቅጠል የተጋገረ ዳቦዋን ጭኗ ላይ አኖረች። ሽታው አውሮፕላኑን ሞላው።

ልንነሳ ስንል አንድ ጂፕ እየበረረ መጣ። ከኋላ በኩል የሰው ሁሉ ወሬ ቀጥ አለ። ዞሬ ሳይ ካኪ የለበሰ፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው እጆቹ በካቴና የታሰሩ ልጅ ፊት ፊት እያስኬደ ገብቷል። ልጁ የእኔ እኩያ ነው፣ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም። ጺሙ እንኳ በወጉ አልበቀለም። ግን አንድ እርምጃ ይራመድና ይቆማል፣ የወንበር ጀርባ ይይዛል፣ እንደገና ይራመዳል። ውስጥ እግሩን የተገረፈ ሰው አረማመድ በዚያ ዘመን የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም ዓይኑን ወደ መስኮት፣ ወደ ጫማው፣ ወደ ጭኑ መለሰ። እኔም እንደዚያው አደረግሁ።

እናቴ ግን ጆሮዋን ቀስራ ነበር። ያ የሚጎተት እግር፣ ያ ዳገት ላይ የሚያቃስት ትንፋሽ ለእሷ የአንድ ነገር ብቻ ምልክት ነው። አጠገባችን ሲደርስ ዳቦዋን ለእኔ አሸከመችና ብድግ አለች።

"ኖር፣ አባቴ!"

ልጁ ቆመና አያት። ዓይኖቿን ሲያይ የገባው ይመስለኛል። "በእግዜር፣ በእግዜር፣ ይቀመጡ" አለ። ድምፁ ሻክሮ፣ ተሰባብሮ ነበር፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው የሰማንያ ዓመት አዛውንት ቢለው አይፈረድበትም። ካኪ ለባሹ በአፉ ጥግ ፈገግ አለና ገፋ አድርጎ ከእኛ ትይዩ አስቀመጠው። መስኮቱን ለራሱ ወሰደ። ሰማይ ላይ ማን ይሸሻል ብሎ ይሆናል።

እናቴ ተቀመጠች፤ ንዴቷ ግን አልተቀመጠም። "ምን ዓይነት ሰው ነው የተሰበሰበው? ሽማግሌ ሲገባ አንድ የሚነሳ ይጠፋል?" አለች። ሹክሹክታ መሆኑ ነው፤ የእናቴ ሹክሹክታ ግን ገበያ ያቋርጣል።

"እማዬ፣ በሞቴ ዝም በይ" አልኳት፣ ቀሚሷን እየጎተትኩ።

"ተነሺ፣ ትርፌ፣ መስኮቱን ልቀቂላቸው። ሐይቁን ከላይ ይዩት። አንቺ ሁልጊዜ ታይዋለሽ።"

"ቦታ መቀያየር አይቻልም!" አለ ካኪ ለባሹ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ወደ ጆሮዋ አስጠጋሁ። ሰውዬው እያየኝ ነበር። ደግሞም አውቃታለሁ፤ ብነግራት ኡ ኡ ትላለች። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

አውሮፕላኑ ተነሳ። ሆስተሷ የከረሜላ ሳህን ይዛ ዞረች። ልጁ ጋ ስትደርስ ካኪ ለባሹ በጣቱ እለፊ አላት፣ አለፈች። ሐይቁ ከክንፉ ሥር ተንጣለለ፤ በሌላ ቀን ቢሆን በደስታ እጮህ ነበር። ትንሽ እንደሄድን እናቴ የዳቦውን ቅጠል ገለጠችና "እንብላ" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። ቆርሳ ለኋለኞቹ አሳለፈች፣ ለእኔ ሰጠች፣ ከዚያ አንድ ቁራሽ በመተላለፊያው ላይ ዘረጋች።

"እንኩ፣ አባቴ።"

"እንዳትቀበል" አለው ካኪ ለባሹ።

የእናቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ምግብ ዘርግታ ያልተቀበላት ሰው ኖሮ አያውቅም። እጇን ገፋ አደረገችና የልጁን እጅ ፈለገች፤ ያገኘችው ካቴናውን ነበር። ጣቶቿ ብረቱን ዳሰሱት፣ ቆም አሉ። አሁን ትጮኻለች ብዬ ቀሚሷን ያዝኩ። እሷ ግን ቁራሹን መልሳ ለሁለት ከፈለችና እጇን ከፍ አድርጋ "በሞቴ" አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ልጁ ወደ እጇ ጎንበስ ብሎ ጎረሰ። ሁለተኛውን አስከተለች። ዓይኖቹ እንባ ሞልተው ማኘክ አቅቶት አየሁት።

"እማማ! ይሄ እስረኛ ነው! መስጠትም ማናገርም ክልክል ነው!"

"እስረኛ መሆናቸውን ብረቱ ነግሮኛል፣ ልጄ። እኔ ያጎረስኩት አብሮኝ የሚሄድ መንገደኛ ነው። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ብቻዬን ልብላ?"

"የይለፍ ወረቀታችሁን!" አለ ወደ እኔ እጁን ዘርግቶ። ከጡቴ ሥር አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበ፣ አጠፈ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። "አዲስ አበባ ስንደርስ እንነጋገራለን።"

አለቀልን አልኩ። ሐኪሙ አለፈ፣ የእናቴ ዓይን አለፈ፤ እኛም ራሳችን ወዴት እንደምንወሰድ እግዜር ይወቅ። እናቴ ላይ እንዲህ የተናደድኩበት ቀን የለም። እንዲህ የኮራሁባትም ቀን የለም፤ ይሄኛው የገባኝ ግን ኋላ ነው።

ከሐይቆቹ በላይ ደመና ውስጥ ገባንና ዳኮታው ይወረውረን ጀመር። አንዴ ወደቅን፣ ሆዴ ጣሪያው ጋ ቀረ። ከማዶ የማስመለስ ድምፅ ተሰማ። ካኪ ለባሹ ፊቱ አመድ መስሎ ከረጢት ውስጥ አቀርቅሯል።

"ማነው ያመመው?" አለች እናቴ።

"ያ ወረቀታችንን የወሰደው" አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

እናቴ ከመቀነቷ ሎሚ ፈትታ አወጣች። በጥርሷ ነክሳ ከፈተችና ወደ ማዶ ዘረጋች። "አባቴ፣ ለታመመው ልጅ ይስጡልኝ። መጀመሪያ ያሽትተው፣ ከዚያ ይምጠጠው።"

ልጁ ሎሚውን ባበጡ ጣቶቹ ተቀበለ። ሎሚውን አየ፣ ሰውዬውን አየ። ቢጥለው ማንም አይፈርድበትም ነበር። ካቴናው እየተንቀጫቀጨ የሰውዬው መዳፍ ላይ አኖረለት። ሰውዬው ቀና ሳይል አፍንጫው ላይ ያዘው።

ይህን ጊዜ እናቴ፣ መቼም የማይበቃት እናቴ፣ "አባቴ፣ ዓይኔን ልታከም ነው የምሄደው። ይመርቁኝ" አለችው።

ልጁ ወደ ጠባቂው ዞረ፤ ጠባቂው ሎሚ እየመጠጠ ዓይኑን ጨፍኗል። ከዚያ ልጁ እኔን አየኝ። እንዳታሳፍራት የሚል ልመና ፊቴ ላይ አንብቦ እንደሆነ አላውቅም። በዚያ በሻከረ ድምፁ ቀስ ብሎ፣ አያቱን እንደሰማው ይሆናል፣ መረቃት።

"እግዜር ዓይንዎን ያብራልዎ። የልጅዎን ፊት ለማየት ያብቃዎ። ደጅዎ ሰላም ይሁን።"

"አሜን" አለች እናቴ። ከኋላ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ "አሜን" አለ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

አዲስ አበባ አረፍን። ሞተሩ ጠፋ፣ በሩ ከኋላ ተከፈተ። እናቴ ክንዴን ይዛ ተነሳች። ከእሷ ቀጥሎ ከኋላችን ያለው ኮፍያ ያደረገ ነጋዴ ተነሳ። ከዚያ ሁሉም ብድግ አለ። በሩ ጋ ያሉት መውረድ ነበረባቸው፤ አልወረዱም። እያንዳንዱ ወንበሩ ጋ ቆሞ መተላለፊያውን ባዶ አደረገው። ካኪ ለባሹ ግራ ገባው። ምን ብሎ ይቆጣ? አውሮፕላን ሲቆም መንገደኛ መቆሙ ወንጀል አይደለም። ነጋዴው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ልጁ ወንበር እየያዘ ቁልቁለቱን በሁለት ረድፍ ሰው መካከል ወረደ። በሩ ጋ ሆስተሷ እጁ ውስጥ የሆነ ነገር ስታስጨብጠው አየሁ፤ ከረሜላ ይመስለኛል።

ካኪ ለባሹ ልጁን ተከትሎ ሊወርድ ሲል እኛ ጋ ቆመ። ከደረት ኪሱ ወረቀታችንን አወጣ፣ ባዶው ወንበር ላይ ወረወረው፣ ምንም ሳይል ሄደ። ጉንጩ ውስጥ ገና ሎሚው ነበር።

እናቴ ታከመች። ፋሻው በተፈታ ቀን መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ "የዚያ ሽማግሌ ምርቃት ደረሰ። መልካቸው ምን ይመስል ነበር?" አለችኝ።

ልዋሽ ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም። "እማዬ፣ ሽማግሌ አልነበረም። የእኔ እኩያ ነው።"

"አረማመዱስ?"

"እግሩን ገርፈውት ነው።"

ሐኪሙ እንዳታለቅስ አጥብቆ አስጠንቅቋት ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ፣ አዲሱን ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ ማልቀስ እንቢ አለች። ኋላ ነጠላውን ከአፏ አንስታ "አባቴ አልኩት" አለች። "እናቱ ይሄኔ ኮቴውን ትጠብቃለች።"

ስሙን አናውቅም፤ ወሬውንም ከዚያ ወዲያ አልሰማንም። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ ወጣት ሲገባ ትነሳ ነበር። ሱቋ ቢሆን፣ ለቅሶ ቤት ቢሆን፣ ታክሲ ውስጥ እንኳ ብድግ ለማለት ስትሞክር ጣሪያ ይመታት ነበር። ጎረቤት ጃጀች ይላል። እኔ አልከለከልኳትም።

ባለፈው ጥር ሐዋሳ ስናርፍ ያ ክርኑን የዘረጋብኝ ወጣት ሻንጣዬን አወረደልኝና መንገድ ሊለቅልኝ ወደ ጎን አለ። እኔ ግን ብድግ ብዬ "እለፍ፣ ልጄ፣ አንተ ቅደም" አልኩት።

"ኧረ እማማ፣ እርስዎ እያሉ!"

"በሞቴ እለፍ።"

ነገሩ አልገባውም፤ አፍሮ እየሳቀ አለፈ። ዓይኔን ጨፈንኩና ኮቴውን አዳመጥኩ። ደረጃውን በሩጫ፣ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።