አማርኛ አልችልም ያልኩበት ቀን

እኔ ወሬ እወዳለሁ። እዚህ ሚኒያፖሊስ ከሴዳር ሪቨርሳይድ ባቡር ተሳፍሬ ሁለት ፌርማታ ሳልሄድ፣ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ስንት ልጅ እንዳላትና የትኛው እንደሚያስቸግራት አውቄ እወርዳለሁ። ባለቤቴ «አንቺ ከመብራት ምሰሶ ጋርም ታወሪያለሽ» ይለኛል። እንዲህ ያለሁት ሴት አንድ ሰዓት ሙሉ አፌን ዘግቼ የተቀመጥኩበት ቀን አለ። የምጽፈው እሱን ነው።

ልጅ እንቢ ብሎን ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጠበቅን። የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች ጾመው ጸለዩልን፤ እጃቸውን ሆዴ ላይ እየጫኑ አለቀሱልኝ። በመጨረሻ እኔና ባለቤቴ ለማንም ሳንናገር በጉዲፈቻ ለማሳደግ ወሰንን። ያኔ አገር ቤት ሕፃን ለውጭ ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠት ገና አልተከለከለም፤ እኛም በያዝነው ፓስፖርት የውጭ ዜጋ ነን። ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘ አዲስ አበባ የሄድኩት ብቻዬን ነው።

የጉዲፈቻ ድርጅቱ ባሳረፈን ቤት ከእኔ ሌላ ያሉት ሁሉ ፈረንጆች ነበሩ። የማሳድጋትን ሕፃን ወላጅ እናት የማገኝበት ቀን ሲደርስ ፍርሃት ያዘኝ። በአማርኛ ካወራኋት ሰፈርሽ የት ነው፣ የማን ልጅ ነሽ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። ነገ ዘመዶቿ መጥተው እናቴ በር ላይ ቢቆሙስ? መልሱልን ቢሉስ? የዚያን ቀን የተመደበችው አስተርጓሚ አታውቀኝም ነበርና በእንግሊዝኛ «አሜሪካ ነው ያደግኩት፣ አማርኛ አልችልም» አልኳት። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

እናትየው ልጅ እግር ነበረች፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። በነጠላዋ ጫፍ መዳፏን ደጋግማ ትጠርጋለች። ሕፃኗ እኔ ጭን ላይ ተኝታለች። አስተርጓሚዋ፣ «ለእሳቸው የምትነግሪው አለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ወለሉን እያየች ተናገረች። «ፈረንጅ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ፈረንጅ ልጅቱ ከየት እንደመጣች መደበቅ አይችልም፣ መልኩ ያሳብቅበታል። እሳቸው ግን የእኛው መልክ ናቸው። ወለድኳት ብለው ያሳድጓታል። ያኔ እኔ የትም የለሁም።»

አስተርጓሚዋ ወደ እኔ ዞረችና በእንግሊዝኛ «መልካችሁ በመመሳሰሉ ደስ ብሏታል፤ ታመሰግናለች» አለችኝ።

ሁሉን ሰምቻለሁ። አልደብቃትም፣ እነግራታለሁ ማለት እችል ነበር፤ ሁለት ቃል ነው። ፈገግ ብዬ «ቴንክ ዩ» አልኩ።

«ምን አሉ?» አለች እናትየው።

«አመሰገኑሽ።»

ሚኒያፖሊስ የተመለስኩት ከአራት ወር በኋላ ነው። ስሄድ ያ የሚኒሶታ ብርድ ነበር፤ በዚያ ወፍራም ካፖርት ውስጥ ያረገዘችውንና ያላረገዘችውን ማን ይለያል? እሑድ ሕፃኗን ታቅፌ ገና ከበሩ ስገባ እልልታው ቀለጠ። እትዬ የምንላቸው የእህቶች ኅብረት መሪ ማይክራፎኑን ይዘው እየሮጡ መጡ።

«በይ መስክሪ! እናትሽ ቤት ታርሰሽ መጣሽ፣ አይደል? ደብቀሽን!»

«እትዬ፣ እሱ እንኳን...»

«ተናገሪ እንጂ! ዛሬ ነው ወሬ የጠፋብሽ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ማይኩን ተቀበልኩና «ጌታ ጸሎታችሁን ሰምቷል» አልኩ። ቃሉ ሐሰት የለበትም። ጉባኤው የሰማው ግን ሌላ ነው፤ እኔም እንዲሰማ የፈለግሁት ያንኑ ነበር። ማክሰኞ ገንፎ ይዘው መጡ። እትዬ በገዛ እጃቸው ወገቤን በመቀነት ጥፍር አድርገው አሰሩልኝ፣ አራስ ናት ብለው። ባለቤቴ ኩሽና በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ሲሄዱ «ነገ ንገሪያቸው» አለኝ። እሺ አልኩት። ያ ነገ አሥር ዓመት አለፈው።

አሁን ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በዚህ ጸደይ ትንፋሽ አጠራትና ሌክ ስትሪት አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ በረርኩ። ነርሷ በቤተሰብ ውስጥ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሁልጊዜ የእናቴን ስኳር፣ የአባቴን ደም ግፊት እየቆጠርኩ አስመዘግባለሁ። ያን ቀን ግን የልጄ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ፣ በእኔ ዘመዶች በሽታ ሊያክሟት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«አላውቅም» አልኩ።

ልጄ ቀና አለች። እንደ ሁልጊዜው በእንግሊዝኛ ነው የምትናገረው። «ማሚ፣ አያቴ ስኳር አላት አላልሽም?»

«እሷ የእኔ እናት ናት። ያንቺን ወገን... አላውቅም።»

ነርሷ መጻፏን አቆመች።

መድኃኒት ሰጥተዋት ትንፋሿ ከተመለሰ በኋላ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ሞተር ሳላስነሳ፣ ወደ ኋላ ወንበር ዞሬ ከመጀመሪያው ነገርኳት። ወላጅ እናቷ ጋ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«ምን አልሻት?»

«አላናገርኳትም።»

«አንቺ? የመኪና ቅጣት የሚጽፈውን ሰውዬ እንኳን ስለ ሚስቱ ትጠይቂው የለ!»

«ፈርቼ ነው።»

«እሷስ? እሷ ምን አለች?»

እዚህ ላይ ማሳመር እችል ነበር። ታሪክ ማሳመር ለእኔ ምን ችግር አለው? «ትወድሽ ነበር» ብል ማን ይፈርድብኛል? ግን አስተርጓሚዋ ያደረገችው እሱን ነው። አንድም ቃል ሳልቀንስ ነገርኳት። አንዳንዱ አማርኛ ሲከብዳት በእንግሊዝኛ ደገምኩላት፤ እስከ «የትም የለሁም» ድረስ ጨረስኩት።

የመኪና ማቆሚያ ያጣ ሰው ከኋላችን ቆሞ፣ ትወጣለች ብሎ ይጠብቃል።

«ልክ ነበረቻ» አለች ልጄ በመጨረሻ።

«አዎ። ልክ ነበረች።»

«ስሟ ማነው?»

ነገርኳት። በቤታችን ያ ስም ሲጠራ የመጀመሪያው ነው፤ ያውም መኪና ውስጥ። ለአፏ ከበዳት፤ ሁለቴ ሞክራ ሁለቴ ተሳሳተች፣ ሦስተኛው ላይ ተሳካላት። ከዚያ ቀበቶዋን አሰረች።

«እሺ፣ ንጂ» አለችኝ። ማሚ አላለችኝም።