ብቸኛዋ ጨረቃ በማዙ ደጃፍ

ቦሊን ግጥም ሳያንጎራጉር ፊቱን ታጥቦ አያውቅም። በደቡቧ ከተማ በታይናን፣ በእናቱ ቤት፣ ጠዋት ጠዋት የእሱና የውሃው ድምፅ ተጋግዘው ሰፈሩን ይቀሰቅሳሉ። ድምፁ ያማረ ነው ብሎ የሚያምነው ራሱ ብቻ ነው፤ እሱም ውሃው እስኪዘጋ ድረስ።

የሚሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ለአዲስ ዓመት ቤተ መቅደሶች በነፃ የሚያድሉትን፣ ለሠርግና ለመንገድ ደጉን ቀን የሚናገረውን ቀይ የዘመን መቁጠሪያ ያትማል። ልቡ ግን ሌላ ወረቀት ላይ ነው። ከጓደኛው ከሩዪ ጋር «የማንጎ ጥላ» የምትባል መጽሔት ያዘጋጃሉ፤ ወንድ ለሚወድ ወንድ፣ ሴት ለምትወድ ሴት፣ ለደቡቡ ሰው። የዋና ከተማው መጽሔቶች ደቡብ ውስጥ ፍቅር ያልበቀለ ይመስል ስለ ራሳቸው ብቻ ነው የሚያወሩት። ሩዪ ወሬውን ትጽፋለች፤ ቦሊን የመጨረሻውን ገጽ «ብቸኛዋ ጨረቃ» በሚል የብዕር ስም በግጥም ይሞላል። ስሙን ለማውጣት ወር ፈጅቶበታል፤ እያፈረበት ግን ዓመታት አለፉ።

አንባቢው ከእናት ካባቱ ጋር ስለሚኖር መጽሔቷን የሚልኩት በዘመን መቁጠሪያው ቀይ ሽፋን ጠርዘው ነው። ዘዴው የቦሊን ነው፤ ሲኩራራበት ለጉድ። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድ እንደሚወድ እናቱ ያወቀች ቀን ዳግም አብራው ማዕድ የምትቀርብ አይመስለውም።

በዓሉ ሲቃረብ ቦሊን እያንጎራጎረ የቤተ መቅደሱን መቁጠሪያና የፖስታ ቤቱን መጽሔት እሽጎች አስጫነ።

*የማንጎው አበባ በነፋስ ረገፈ፣*
*ስሙን ሳልጠራው ክረምቱ አለፈ።*

ሦስተኛው ስንኝ አልገጥም ብሎት ሲታገል፣ የትኛው እሽግ ወዴት እንደሄደ ልብ አላለም።

ከሰዓት ሩዪ እያለከለከች መጣች። «አንተ ገጣሚ! ፖስታ ቤት ልወስደው እሽጉን ብፈታው፣ ፀጉር የምቆረጥበትን ደግ ቀን ይነግረኛል! የእኛውስ?»

«ማዙ ቤተ መቅደስ» አለ ቦሊን።

በሩዪ ሞተር ብስክሌት በረሩ። የባሕር አምላክ በሆነችው በማዙ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ የቦሊን እናትና ጎረቤቷ አክስት ማንዩ አንድ መነጽር እየተቀባበሉ መጽሔቷን ያነባሉ።

«ና እስቲ ልጄ» አለች ማንዩ፤ «ለሠርግ ደጉን ቀን ፈልጌ አጣሁ። ባል ፈላጊው ወንድ ግን በሽ ነው!»

እናቱ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣለች። «ይህቺን ግጥም አውቃታለሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት ከመታጠቢያ ቤት ስሰማት የኖርኳት ናት።»

«ጨረቃ ድምፅ አላት እንዴ?» አለች ማንዩ።

«ዝም በይ አንቺ። ሩዪን ሲያመላልስ እኮ ምራት አገኘሁ ብዬ ነበር።»

«አክስቴ» አለች ሩዪ፤ «እኔም ለእናቴ ምራት ነው የምፈልግላት።»

ማንዩ በሳቅ ፈረሰች። እናቱ አልሳቀችም። ቦሊን እጁን ወደ መጽሔቷ ዘረጋ።

«እማ... ስህተት ነው። ልሰብስበው።»

«የቱ ነው ስህተቱ? ሽፋኑ ነው ውስጡ?»

«ሽፋኑ።»

እናቱ መጽሔቷን ዘግታ ብብቷ ሥር ሸጎጠች። «እንግዲያው ሽፋኑን አስተካክልና ቤት ግባ፤ የዓሣው ሾርባ ይቀዘቅዛል። ግጥሙንም አሳጥረው።»

የቀረውን ሰበሰቡ፤ እናቱ ግን የእሷን አልሰጥም አለች። ወጥ ቤት፣ የዘመን መቁጠሪያው በሚሰቀልበት ሚስማር ላይ ሰቀለችው። የራሷ መቁጠሪያ ስለሌላትም፣ ዓመቱን ሙሉ ለመንገድ ደጉ ቀን መቼ እንደሆነ ለማወቅ የማንዩን በር ስታንኳኳ ከረመች።